አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ

በልጅነቷ የአባቷን ጓደኞች የምታሸሽ ልጅ ነበረች ይባላል። እንግዳ መጥቶ ገና አረፍ ከማለቱ ፊቱ ትቆምና፣ ጫማው ለምን እንደሚጮህ፣ ጥርሱ ለምን ወርቅ እንደሆነ፣ ባለፈው እሑድ እመጣለሁ ብሎ ለምን እንደቀረ ትጠይቀዋለች። አባቷ ቤት ቀቢ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ውለው ማታ የሚመኙት ዝምታ ብቻ ነበርና «ለምንዬ፣ እባክሽ ለአንድ ምሽት እንኳ አሳርፊን» እያሉ ስም አወጡላት። ስሙ እንደ ቀለም ተጣብቆ ቀረ። ትምህርት ቤት ተከተላት፤ ሥራ ስትቀጠር ደግሞ ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት።

ትዳሯም የመጣው በዚሁ በጥያቄ ነው። አንድ ቀን የቆመባትን የእጅ ሰዓት ይዛ ወደ ሰዓት ሠሪ ሄደች። ሰዓቱ በአምስት ደቂቃ ተጠገነ። እሷ ግን ቆጣሪው ለምን ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ እንደሚዞር ጠየቀች። ሰዓት ሠሪው አፉ የተሰፋ ነው የሚባልለት ሰው ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያስረዳት ዋለ። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ተናግሮ እንደማያውቅ ለምንዬ ራሷ ትመሰክራለች። በዓመቱ ተጋቡ።

ወረርሽኙ ሲመጣ ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ደርሶ ነበር። ሃያ ሰባቱን ዓመት ያሳለፈችው በከተማው ጤና መምሪያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው፤ ታካሚው ስሙን ይናገራል፣ እሷ ካርዱን ከመደርደሪያው ታወጣለች፣ ሐኪሙ ጨርሶ ሲልከው ወደ ቦታው ትመልሳለች። ግን ካርድ ስታወጣና ስትመልስ ዓይኗ አያርፍም። የየትኛው ሰፈር ልጆች ዝናብ በገባ በሳምንቱ ሆዳቸውን እንደሚያማቸው ታውቃለች። የትኛው ሐኪም አርብ አርብ ጽሑፉ እንደሚበላሽ ታውቃለች። አንዲት ሴት ራሴን አመመኝ ብላ የምትመጣው ባሏ ከመንገድ በተመለሰ ማግስት ብቻ እንደሆነም ታውቃለች። ይህን ሁሉ ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ለእሷ ማወቁ ይበቃት ነበር።

በሽታው ከተማ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ካርድ ክፍሉ ተነሣ። ካርዶቹ በጆንያ ታስረው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወረዱ፣ መደርደሪያዎቹ ተነቀሉ፣ በቦታቸው አግዳሚ ወንበር ተደረደረና በሩ ላይ «የምርመራ ተራ መጠበቂያ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ለምንዬ መሳቢያዋን አራግፋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ኮሪደሩ ላይ ስትቆም፣ በቃ ወደ ቤት ሊልኩኝ ነው ብላ ነበር። የመምሪያው ኃላፊ አገኟት። ኃላፊው ዓረፍተ ነገር ጀምረው የማይጨርሱ ቀጭን ሐኪም ናቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ ከሰው ጋር… ማለቴ ስልክ ላይ… ሲስተር ትነግርዎታለች» አሏትና አለፉ።

ሲስተር የተባለችው ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ነርስ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ሳቋ ረጅም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የሥልጠና አዳራሽ ተረክባ አምስት ጠረጴዛ በየማዕዘኑ አራርቃ አስቀምጣለች፣ በየጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ። መስኮቱን ሁሉ ወለል አድርጋ ከፍታዋለች፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ካፖርቱን አያወልቅም። ሥራውን በአጭሩ አስረዳቻቸው። በሽታው የተገኘበት ሰው ዘንድ ይደወላል፤ ባለፉት አሥራ አራት ቀናት ከማን ጋር እንደዋለ ይጠየቃል፤ ከዚያ ለእነዚያም ይደወላል። የሚጠየቀው በታተመ ቅጽ ነው። ቅጹ አሥራ ሁለት ጥያቄ አለው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ የለምንዬን ቅስም ሊሰብር ምንም አልቀረውም። ከሠላሳ አንድ ሰው አሥራ ሰባቱ ጆሮዋ ላይ ዘጉት። አንዱ ቁጥሬን ማን ሰጠሽ ብሎ በፍርድ ቤት አስፈራራት። የመለሱላትም ቢሆኑ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ማንንም አላገኘሁም። አንድ ሰውዬ እንዲያውም «ብቻዬን ነኝ፣ ቤቴ ድርሽ የሚል ሰው የለም» ሲላት፣ ከኋላው ሦስት ሰዎች በቴሌቪዥን ሪሞት ሲጣሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ደክሟት ቅጹን ወደ ጎን ገፋችው። ስልኩ ላይ የነበረችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷም እንደሌሎቹ ከቤት አልወጣሁም ብላለች። ለምንዬ ከልቧ የማወቅ ፍላጎት ይዟት፣ «እስቲ ያለፈውን ማክሰኞ አጫውቺኝ፤ ከአልጋሽ ስትወርጂ ጀምሮ» አለቻት።

ሴትየዋ ጀመረች። ማለዳ ዚፕ ተሰብሮባት ነበር። ዚፕ ልትገዛ ብቅ ስትል ሻጩ ሳል ይዞት ዋጋውን መናገር አቅቶት በጣቱ ነበር ያሳያት። ስትመለስ ጎረቤቷ ረጅሙን ጨርቅ ይዛላት አብረው ቆረጡ። ቀጥሎ ሙሽሪት ከነእኅቶቿ ለልክ መጣች። ወሬው ሲያልቅ «ማንንም አላገኘሁም» ካለችው ሴት አሥራ አንድ ሰው ወጣ። ውሸታም ሆና አይደለም። ማንን አገኘሽ ሲሏት በአእምሮዋ የመጣው ዘመድ ወዳጅ ነበር እንጂ ዚፕ ሻጭ አልነበረም።

ሲስተር መጀመሪያ አልወደደችውም። ለአንድ ሰው አርባ ደቂቃ ከፈጀን ወረፋው መቼ ያልቃል ብላ ተከራከረች። በሳምንቱ ግን የለምንዬን ዝርዝር ከሌሎቹ ጋር ስታስተያየው ሦስት እጥፍ ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ወዲያ አምስቱም ስልክ ላይ ከአሥራ ሁለቱ በኋላ ያ አሥራ ሦስተኛ ጥያቄ ይጠየቅ ጀመር።

ለምንዬ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ሥራ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ሰው የራሱን ማክሰኞ ሲተርክ ምንኛ የማይታወቅ ፍጥረት ነው! አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕን እንደ መንገድ ጣቢያ እየጠራ መጣና ሐሙስ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። በኋላ ቀስ ብሎ፣ በአጥር ድንበር ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት ካላነጋገረው ወንድሙ ቤት ሄዶ እንደነበር ነገራት። በሽታው ገባ ሲባል ልቡ አላስችል ብሎት ነው። ሚስቱ እንኳ አታውቅም።

«ለእሱም ልትደውሉለት ነው?» አላት።

«ግድ ነው።»

«እንግዲያው ወንድምህ በሽታ አመጣብህ ብላችሁ አትንገሩት። ደግሞ ሊመጣ አስቦ ነበር በይልኝ።»

እንደዚያው አለችው። ወንድምየው አልታመመም። «ይምጣ፣ እኔም የምነግረው አለኝ» ብሎ መለሰላት፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገራትም። ለምንዬ እስከ ዛሬ ያ ነገር ይከነክናታል።

በሦስተኛው ወር ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ቅጹ መጨረሻ ላይ «በሽታው የተላለፈበት ሁኔታ» የሚል መስመር አለ፤ ካልተገኘ «አልታወቀም» ተብሎ ይሞላል። ለምንዬ ይህን ቃል አትወደውም፤ ልክ ያልተዘጋ መሳቢያ ሆኖ ይታያታል። ይህ ቃል ያለባቸውን ቅጾች ብቻ ለብቻ ስታስቀምጥ ቆይታ አንድ ቀን ስትቆጥራቸው አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች፣ ሰፈራቸው የተለያየ፣ ሥራቸው የማይገናኝ፣ ከቤት የማይወጡ ጥንቁቆች። ባልደረቦቿ ይህችስ አበዛችው ብለው ሲስቁባት፣ እሷ ለሰዎቹ እንደገና ትደውል ጀመር።

ከእነሱ መካከል አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ድምፃቸው በሳል ይቆራረጣል፣ ትዕግሥታቸው ግን አይቆራረጥም። ሁለቱን ሳምንት ሰሜንና ደቡብ እየለዩ፣ ስንት እርምጃ እንደሄዱ እየጠቀሱ አስረዷት። በመሠረቱ የሄዱበት የለም። የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው፤ ለዚያ ከበሽታው ነፃ ነህ የሚል ማስረጃ ስለተጠየቁ መምሪያው ዘንድ መጥተው ተመረመሩ፣ ነፃ ተባሉ። በስምንተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ሲመረመሩ አለብህ ተባሉ።

«ከየት እንደያዘኝ ስታገኚው ደውይልኝ፣ ልጄ» አሏት። «በሽታውስ ይሁን። አለማወቁ ነው የሚያናድደኝ።»

ለምንዬ ዘመዷን ያገኘች ያህል ተሰማት። እደውላለሁ ብላ ቃል ገባች።

አሥራ ዘጠኙም ሲያወጉ አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር። «የትም አልሄድኩም፤ እናንተ ዘንድ ለመመርመር ካልሆነ» ይሏታል። መጀመሪያ አልፋዋለች፤ እንዴት አታልፈውም? መዝገቡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መምሪያው የመጣ ነው፣ ባይመጣማ መዝገቡ ውስጥ አይገባም። ሲስተርም፣ ኃላፊውም፣ ሪፖርቱን የሚያነቡት ሁሉ በዚሁ ምክንያት ነው ያለፉት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ ከተማውን ሙሉ ሲያስሱ በገዛ ደጃቸው ያለውን አላዩም።

ዓይኗን የገለጠላት ከመካከላቸው አንድ መስታወት ገጣሚ ነው። እሱም ለሥራ ማስረጃ ፈልጎ ተመርምሮ ነፃ ተብሏል፣ በዘጠነኛው ቀን ታሟል። ያን የመጀመሪያ ቀን አጫውተኝ ስትለው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ ነገራት።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ምን ስትሠራ?»

«ምን እሠራለሁ፣ መስኮቱን ሳይ ነዋ። ሙያዬ አይደል። ስድስት መስኮት አላችሁ፣ ስድስቱም በምስማር ተመተዋል። እኔ ሃያ ዓመት መስታወት ስገጥም መስኮት እንዳይከፈት ብሎ ምስማር የሚመታ ሰው አልገጠመኝም። ማን ይሆን ይህን ያደረገው ስል ነው የዋልኩት።»

ለምንዬ ማን እንዳደረገው ታውቃለች። ከአራት ዓመት በፊት ነፋስ እየገባ ካርዶቿን ሲበትንባት፣ የአንዱ የሳንባ ፎቶ ውጤት ከሌላው ካርድ ሥር ሲገኝ፣ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት። አናጢው በግማሽ ቀን መትቶ ጨርሶት፣ አመስግናው ነበር። ካርድ ክፍሉ የተራ መጠበቂያ ሲሆን መደርደሪያ የነቀለ ሰው ነበር፣ ወለል ያጠበ ሰው ነበር፣ መስኮት የሞከረ ሰው ግን አልነበረም። እሷም ያን ቀን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ስለ መስኮቱ ትዝ አላላትም።

መጠየቋን ቀጠለች። ስንት ሰው ነበር? ማን ይስል ነበር? መስታወት ገጣሚው ሐሙስ ስለነበር መጠበቂያው ጢም ብሎ ሞልቶ እንደነበር ነገራት፤ ማስረጃ ፈላጊ ሁሉ የሚቀጠረው ሐሙስ ነው። ስልኩን ዘግታ የአሥራ ዘጠኙን የድሮ ውጤት ከመዝገብ አወጣች። አሥራ አራቱ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ተመርምረው ነፃ የተባሉ ነበሩ። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ የመጡት ሐሙስ ቀን ነው።

ራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ሰዓት ሠሪው ማኘኩን አቁሞ አያት።

«በሩስ?» አላት።

«በሩ ወደ ኮሪደር ነው።»

«ኮሪደሩስ?»

«እሱም ዝግ ነው።»

ተነሥቶ የሥራ ሣጥኑን ከፈተና ጥቃቅን ዕቃ የሚጠቀልልበትን ስስ ወረቀት አወጣ። አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ቀደደ፣ ክር አሠረበት፣ ከጠረጴዛው በላይ አንጠለጠለው። በበሩ ሥር በሚገባው ነፋስ ብቻ ወረቀቱ መወዛወዝ ያዘ። ባሏ ወረቀቱን ለእሷ ሰጥቶ ወደ ራቱ ተመለሰ።

በማግስቱ ተራ ጠባቂዎች ሳይገቡ ሲስተርን ይዛት ወረደች። ወረቀቱን መጠበቂያው መሀል፣ ከአግዳሚዎቹ በላይ ሰቀሉትና ትንፋሻቸውን ይዘው ራቅ ብለው ቆሙ። አንድ ደቂቃ ሆነ። አምስት ደቂቃ ሆነ። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ የተሣለ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ። ሲስተር አሁንም አላመነችም፤ ፎቅ ይዛው ወጥታ ስልክ ክፍሉ ውስጥ ሰቀለችው። እዚያ ከውሃ እንደወጣ ዓሣ ተርገፈገፈ። ተመልሰው ሲወርዱ ሰዎች መግባት ጀምረው ነበር፤ አንዲት እናት አግዳሚውን በእጇ ጠረግ አድርጋ ስትቀመጥ ሁለቱም እኩል አዩአት።

«ሲስተር፣ ምስማሩን ያስመታሁት እኔ ነኝ» አለቻት ለምንዬ፣ ደረጃው ላይ።

ሲስተር ለአፍታ አየቻትና፣ «እኔም ሦስት ወር ሙሉ ከላይ መስኮት ስከፍት ከታች ያለውን አላየሁም» አለች።

ኃላፊው ቅጾቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። ሐሙስ ሐሙስ የሚለውን በጣታቸው እየተከተሉ ቆዩና፣ ይህ ግምት እንጂ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ተናገሩ። ሰዎቹ ሌላ ቦታ ይዟቸው ይሆናል። የረሱት ነገር ይኖራል።

«ልክ ነዎት ዶክተር፣ ማረጋገጫ አይደለም» አለች ለምንዬ። «ምስማር ለመንቀል ግን ማረጋገጫ አያስፈልግም።»

በዚህ አልተከራከሩም። አናጢው ተጠራ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ስድስቱም መስኮቶች ተከፈቱ፣ አግዳሚዎቹ ወጥተው ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ከሥሩ ተደረደሩ፣ የሐሙሱም ቀጠሮ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ተበተነ። ችግሩ የመጣው ቀጥሎ ነው። ለምንዬ ለአሥራ ዘጠኙ ሰዎች ልንደውልላቸው ይገባል ስትል ኃላፊው ፊታቸው ተለዋወጠ። ሕዝቡ እንኳን እንዲህ ሰምቶ እንዲሁም ለመመርመር ይፈራል። ጤና መምሪያው ራሱ በሽታ ሰጠ ከተባለ ማን ይመጣል? የማይመጣው ሰው ደግሞ ቤቱ ሆኖ ስንቱን ያሲዛል? ይህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን እየጨረሱ ተናገሩ፤ ለምንዬ ፍርሃታቸው የእውነት እንደሆነ የገባት ያኔ ነው።

እሳቸው የሚሉት ሊደርስ እንደሚችል ታያት። ቢሆንም ቃል ገብቻለሁ አለች፤ እነዚህ ሰዎች ማክሰኞአቸውን፣ ሐሙሳቸውን፣ የተጣሉትን ወንድም ሳይቀር አምነው ነግረውኛል፣ እኔ የማውቀውን ደብቄ እንዴት ሌላ ሰው እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ? ከዚያም ቢሮውን ለቃ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ «ዶክተር፣ ዋናው በር ላይ የለጠፍነውን አንብበውታል?» አለቻቸው።

በር ላይ የተለጠፈው፣ የታመመ ሰው ራሱን እንዳይሸሽግ የሚመክር ትልቅ ወረቀት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል፤ ከሥሩ የኃላፊው ፊርማ አለበት።

ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ራሳቸው የጻፉት ማስታወቂያ በዚያው በር ላይ ተለጠፈ። መጠበቂያው አየር እንዳልነበረው፣ አንዳንድ ሰዎች እዚያ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል፣ ስህተቱ የመምሪያው እንደሆነና ተራው አሁን ግቢ ውስጥ እንደሚጠበቅ ይገልጻል። አራት መስመር ብቻ ነበር። ጥቂት ሰው ቆሞ አነበበው፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ተሳደበ፣ የተቀሩት ሸራው ሥር ሄደው ተቀመጡ። በዚያ ሳምንት የመጣው ሰው በእርግጥ ቀንሶ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ግን እንደ ወትሮው ሆነ።

ለምንዬ መደወሉን ለማንም አላካፈለችም። መስታወት ገጣሚው ሳቀና፣ ምስማሩን ያየ ዓይኔ ተባረከ አለ። አንዲት ሴት አለቀሰች። አንዱ፣ ወትሮስ ከመንግሥት ቤት ምን ይጠበቃል ብሎ ዘጋባት። የጂኦግራፊ መምህሩን ስልክ ስትደውል ያነሣችው ሴት ልጃቸው ናት። መምህሩ ከሞቱ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር።

ለምንዬ ነፍስ ይማር ብላ ልትዘጋው ትችል ነበር። ልጅቷ ግን፣ «ምን ልትነግሪው ነበር?» አለቻት።

«ከየት እንደያዛቸው ሳገኝ ንገሪኝ ብለውኝ ነበር።»

«አገኘሽው?»

ነገረቻት። መጠበቂያውን፣ ሐሙሱን፣ ስድስቱን መስኮት። ምስማሩንም። «ያስመታሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ካርድ ክፍል ነበር» አለች። በስልኩ ማዶ ከሩቅ የማሽን ድምፅ ይሰማ ነበር።

«እኔ ልብስ ንጽሕና ቤት ነው የምሠራው» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «የሰው ልብስ ስነካካ እውላለሁ። እኔ ነኝ ያመጣሁበት ብዬ… ከቀበርነው ጀምሮ ልብሴን በር ላይ አውልቄ ነው የምገባው፤ ቤት ውስጥ ማንም የለም፣ ግን አወልቃለሁ።»

ልጅቷ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፣ አልተቆጣችምም። አባቷ ያን ሐሙስ የት ጋ ተቀምጦ እንደነበር ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። ለምንዬ ታውቃለች፤ መምህሩ ነግረዋታል። በምሥራቅ በኩል ከግድግዳው ሁለተኛው አግዳሚ፣ ለማንበብ ብርሃኑ ስለሚመች። ልጅቷ «አዎ፣ እሱ ነው» አለችና አመስግና ዘጋች። ያን ቀን ለምንዬ ሌላ ስልክ አልደወለችም። ሲስተር ካፖርቷን አልብሳ እስከ በር ሸኘቻት፤ ሰዓት ሠሪው መጥቶ ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ማን እንደጠራው አልጠየቀችም።

ከወር በኋላ «አልታወቀም» የሚለው ቃል በቅጾቹ ላይ እየሳሳ መጣ። ጨርሶ ግን አልጠፋም። ከአሥራ ዘጠኙም ቢሆን አምስቱ መስኮቱ የማይገልጻቸው ነበሩ፤ ሦስቱን በኋላ ደረሰችባቸው፣ ሁለቱን ግን እስከ መጨረሻው አላወቀችም። አዲስ ቅጽ ሲታተም አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ ገባ፤ «ታካሚው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴውን በዝርዝር እንዲገልጽ ይደረግ» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ለምንዬ እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው አፉን እንደሚዘጋ ተናግራ በእስክሪብቶ ሰርዛ «አጫውቱኝ» ብላ ጻፈችበት፤ ሲስተር ያንኑ አባዝታ በተነችው።

ወረርሽኙ ሲበርድ ካርዶቹ ከነጆንያቸው ወጥተው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። እሷ አልተመለሰችም። ኃላፊው ስልክ ክፍሉ ሳይዘጋ ለሌላ በሽታም ክትትል እንዲውል አስወሰኑና፣ «እትዬ እርስዎ እዚያው… መቼም…» አሏት፤ ገባት። ጡረታ እስክትወጣ አራት ዓመት ሠራች። ኩፍኝ አሳደደች፣ የውሻ ንክሻ ቆጠረች።

የመጨረሻው የሥራ ቀኗ ላይ ባልደረቦቿ ኬክ ገዝተው፣ ሻይ አፍልተው፣ ኃላፊው ንግግር አዘጋጅተው በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ለምንዬ ስልክ ላይ ነበረች። በአንድ መንገድ ዳር ያሉ ስምንት ቤቶች ውስጥ ሆዳቸውን የታመሙ ልጆች ነበሩ፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ግን ደህና ናቸው። እሷ ያገኘቻት የአንዱ ልጅ አክስት ወሬ አዋቂ ነበረች፤ ስለ ቧንቧ ቁፋሮ፣ ስለ ቆፋሪዎቹ ምሳ፣ ስለ አንድ የተሰበረ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን እያነሣች ትቀጥላለች። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ኃላፊው ንግግራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሲስተር ኬኩን ቆርጣ አንዱን ቁራጭ በሰሐን ለምንዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችላት፤ ሻዩም ቀዘቀዘ። ለምንዬ በግራ እጇ አመስግና በቀኟ ትጽፍ ነበር።

«ክዳኑ የተሰበረው ከቁፋሮው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ስትል ሰሟት።